የፍላጻ ላባን ማጽዳትና ማደስ

የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ካርታ፣ ግሎብ፣ ከካርቶን የተሠራ ሰዓት፣ ከቆርኪ የተሠራ መቁጠሪያ ነው። ከሽማግሌዎች ቤት የሚመጣው ዕቃ፣ ማለትም ጦሩ፣ ጋሻው፣ ቅሉና ፍላጻው ግን በመርጃ ክፍሉ ጥግ ተደግፎ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። ከእነዚህ ሁሉ ፈጥኖ የሚጎዳው ፍላጻው ነው። ብረቱ ቢዝግም ይቆያል፤ እንጨቱም ቢጎብጥ እንጨት ነው። ላባው ግን በአንድ ክረምት ይጨማደዳል፣ በሁለተኛው ብል ይገባበታል፣ በሦስተኛው «ይኼ ደግሞ ምን ያደርግልናል» ተብሎ ከጥራጊ ጋር ይወጣል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው እንዲህ ከሚጣለው ላባ አብዛኛው ገና የሚድን መሆኑን ለማሳየት ነው። ላባ ሲጎብጥና ሲበታተን ያለቀለት ይመስላል እንጂ፣ አሠራሩን ለሚያውቅ ሰው አንድ በራድ የፈላ ውኃና ንጹሕ ጣት ይበቃዋል። አሠራሩን የማያውቅ ሰው ደግሞ በመልካም ሐሳብ ተነሥቶ ቅቤ ይቀባዋል፣ ቫርኒሽ ይደፋበታል፣ በኦሞ ያጥበዋል። ያን ጊዜ በእርግጥ ያልቅለታል። ከዚህ የባሰም አለ። የአደን ፍላጻ ጫፉ መርዝ ሊኖረው ይችላልና ዕቃውን ለተማሪ እጅ ከመስጠታችን በፊት ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ወደ እሱ እንደርሳለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንስማማ። በንግግራችን ሁሉንም በጅምላ «ቀስት» እንላለን። በትክክሉ ግን የሚለጠጠው ቀስት ወይም ደጋን ነው፤ የሚወረወረው ፍላጻ ይባላል። (ደጋን ስንል ጥጥ መንደፊያው የሚታወሳቸው ሠልጣኞች ካሉ አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም የሚሠሩት በተወጠረ ጅማት ኃይል ነው።) እኛም ከዚህ በኋላ ፍላጻ እያልን እንሄዳለን።

በሺንሺቾና በአካባቢው፣ በከምባታም ሆነ በሀዲያ፣ የአደን ወሬ ሲነሣ ስሙ የሚጠራው ጦር ነው። ቀስትና ፍላጻ የሌላ አካባቢ ሰዎች ሙያ ነው። በምዕራብ በመተከል የጉሙዝ አዳኞች ይታወቁበታል። በደቡብ በቦረና ምድርና ከወሰኑ ማዶ በኬንያ ደግሞ ዋታዎች በመርዝ ፍላጻ ዝሆን ሳይቀር ይጥሉ ነበር። እንግዲህ ሠልጣኝ ከየአገሩ ይመጣል፣ ተመርቆም ወደየአገሩ ይሄዳል። ዛሬ በመርጃ ክፍል ፍላጻ ያላየ ሰው ነገ በተመደበበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊያገኘው ይችላል።

የአገራችንን ነገር ካነሣን አይቀር፣ የዕድሜውንም ነገር እንመልከት። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በጋደሞታ የተገኙት የባልጩት ጫፎች ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እነዚህ ጫፎች በእጅ የሚወረወር ጦር ላይ የተሰኩ ነበሩ ይላል። በሰሜን ምዕራብ በመተማ አካባቢ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር ከተቆፈረ ሥፍራ ደግሞ 74,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ወጥተዋል። ጥናቱ በ2024 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ሲታተም፣ አጥኚዎቹ ከመጠናቸውና ከስብራታቸው ተነሥተው የፍላጻ ጫፎች ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ። ልብ በሉ! ይህ ሁሉ የተባለው ከድንጋዩ ብቻ ነው። እንጨቱ የለም፣ ጅማቱ የለም፣ ላባ ነበረው ወይስ አልነበረው የሚል ሰው ቢጠይቅ መልስ የሚሰጥ ነገር አፈሩ ውስጥ አልቀረም።

ላባ የሚተርፈው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያና በጣሊያን ወሰን ላይ፣ በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የተገኘው የ5,300 ዓመት ሰው በኮሮጆው 14 ፍላጻ ይዞ ነበር። ተሠርተው ያለቁት 2 ብቻ ሲሆኑ፣ በእነሱ ጭራ ላይ ለሁለት የተሰነጠቁ ሦስት ሦስት ላባዎች በቀጭን ክርና በዛፍ ዝፍት ተጣብቀው ተገኙ። በረዶው ባይኖር ኖሮ እነዚህም አይታዩም ነበር። እኛ ዘንድ በረዶ የለም፤ ያለው ጭስ፣ እርጥበትና ብል ነው።

ላባ እንዴት እንደተሠራ

ከዶሮ ክንፍ የወደቀ አንድ ጠንካራ ላባ አንሡና በመስኮት በኩል ወደ ብርሃን ያዙት። መሀሉን የሚያልፈውን ጠንካራ መስመር ግንድ እንበለው። ከግንዱ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን የተደረደሩት ቀጫጭን ክሮች ቅርንጫፎቹ ናቸው። እስከዚህ በዓይን ይታያል። በማጉያ መነጽር ሲታይ ደግሞ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በተራው ከግራና ከቀኝ እጅግ የደቀቁ ንዑሳን ቅርንጫፎች አሉት። ወደ ላባው ጫፍ የሚያዩት ንዑሳን መንጠቆ አላቸው፤ ወደ ሥሩ የሚያዩት ደግሞ መንጠቆው የሚይዝበት ጠርዝ አላቸው። የአንዱ ቅርንጫፍ መንጠቆ የጎረቤቱን ጠርዝ ይይዛል። በአንድ ትልቅ ላባ ላይ የእነዚህ ንዑሳን ቁጥር በብዙ መቶ ሺህ ይገመታል።

ይህ አሠራር የጃኬት ዚፕ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ላባውን ከጫፍ ወደ ሥር ስናሸው ዚፑ ይከፈታል፣ ላባው ይበጣጠራል። ከሥር ወደ ጫፍ በሁለት ጣት ይዘን ስንስበው ተመልሶ ይዘጋል። ዶሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ላባዋን በመንቁሯ ስታበጥር የምትሠራው ይህንኑ ሥራ ነው፤ በጭራዋ ሥር ካለው ዕጢ ጥቂት ቅባት እየወሰደችም ትቀባዋለች። እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። መንጠቆው የሚሠራው ወፏ በሕይወት ስላለች አይደለም። ላባ አድጎ ካበቃ በኋላ እንደ ጸጉርና እንደ ጥፍር ሕይወት የሌለው ኬራቲን ነው። ስለዚህ መንጠቆው ራሱ እስካልተሰበረ ወይም በተባይ እስካልተበላ ድረስ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ይዘጋል።

ለማነጻጸር የሰጎን ላባ ውሰዱ። በደቡብ የአገራችን ክፍል ጀግና አዳኝ በራሱ ላይ ይሰካው የነበረው ያ የሚንቀጠቀጥ ውብ ላባ መንጠቆ የለውም። ሰጎን አትበርምና አያስፈልጋትም። የቱንም ያህል ብታሹት ገጹ አይዘጋም፤ በፍላጻ ጭራ ላይ ቢታሰርም አየሩ በመሀሉ ያልፋል። የጀግናው ጌጥ ለፍላጻው አይሆንም ማለት ነው።

ፍላጻስ ላባ ለምን አስፈለገው? ፍላጻ በጣት ላይ ቢመዘን ሚዛኑ ከመሀል ወደ ጫፉ ያደላል፤ ብረቱ እዚያ ነውና። ላባው ከኋላ ሆኖ አየር ይይዛል። ፍላጻው በበረራው ላይ ጎኑን ሊያዞር ሲል የኋላው ላባ ከአየሩ ጋር ይጋጭና ጭራውን ወደ መሥመሩ ይመልሰዋል። በጥቂቱ ጋደል ብሎ የታሰረ ላባ ከዚህም ሌላ ፍላጻውን በዘንጉ ዙሪያ ያሽከረክረዋል፤ ይህም አካሄዱን ያጸናዋል። የአንድ ፍላጻ ላባዎች ሁሉ ከአንድ ወገን ክንፍ፣ ወይ ከግራ ወይ ከቀኝ፣ መወሰድ ያለባቸውም ለዚህ ነው። የግራና የቀኝ ክንፍ ላባ አጎባበጣቸው ተቃራኒ ስለሆነ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ያሽከረክራል። አሮጌ ፍላጻ ስታዩ ይህን መርምሩ፤ የሠሪው ሙያ ከዚህ ይታወቃል።

ከመንካት በፊት

ፍላጻ ወደ መርጃ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው ላባው ሳይሆን ጫፉ ነው። ከብረቱ ሥር ባለው አንገት ላይ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የደረቀ፣ አንዳንዴም በቆዳ ወይም በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ካለ መርዝ ነው ብላችሁ ተነሡ። ባይታይም እንኳ የአደን ፍላጻ ሁሉ መርዛም ነው ብሎ መጀመር ይሻላል።

በአገራችን ከታወቁት የፍላጻ መርዝ ምንጮች አንዱ በአማርኛ ምረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ የሚባለው ዛፍ ነው። እንጨቱ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ውኃው እንደ ዝፍት ሲወፍር ይቀባል። በውስጡ ያለው ኃይለኛ ንጥረ ነገር ዋባይን ይባላል። ስሙ ዋባዮ ከሚለው የሶማልኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ አርኖ የተባለ ፈረንሳዊ በ1888 እ.ኤ.አ. ንጥሩን ለይቶ አውጥቶታል። ዋባይን የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚያስወጡበትን ሥራ ስለሚያግድ የልብ ምት ይዛባል፣ ከዚያም ይቆማል። በአፍ ሲገባ ወደ ደም የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ አዳኙ የገደለውን ሥጋ መብላት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በቁስል በኩል ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው። ደርቆ ለብዙ ዓመትም ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ይችላል። የተማሪ ጣት ደግሞ ጭረት አያጣውም።

ስለዚህ ጥቁሩን ነገር አትፋቁት፣ አትጠቡት፣ አታሽትቱት። ጓንት አድርጋችሁ ጫፉን በጨርቅ ደጋግማችሁ ጠቅልሉት፤ በላዩ ላይ ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጠ ክዳን አጥልቃችሁ እሰሩትና «መርዝ አለው፣ አይነካም» ብላችሁ ጻፉበት። ሌላው ሥራ ሁሉ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። ጫፉ የወጋው ሰው ቢኖር «እስቲ እንየው» ተብሎ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከላባው ራሱ ይመጣል። በቀድሞው ጊዜ በዓለም ዙሪያ ባሉ ብዙ ስብስቦች ላባና ቆዳ ከተባይ እንዲጠበቅ ተብሎ አርሴኒክና ዲ.ዲ.ቲ. ይነሰነስበት ነበር። ዲ.ዲ.ቲ. በ2001 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ስምምነት በጥብቅ ከተገደቡት መርዞች አንዱ ሆኗል። በአሮጌ ስብስብ ላባ ሥር ነጭ ብናኝ ካያችሁ አቧራ ነው ብላችሁ እፍ አትበሉት። ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ አይነካም፤ ወደ ክፍል ውስጥም አይገባም።

ሦስተኛው ብል ነው። የብል ትልና ጸጉርና ላባ የሚበላው ትንሽ ጢንዚዛ ዕጭ ኬራቲን ከሚያልሙ ጥቂት ፍጥረታት መካከል ናቸው። ምልክታቸው እንደ አሸዋ የደቀቀ ኩስ፣ የተገፈፈ የዕጭ ቆዳ፣ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል የላባ ጠርዝ ነው። መድኃኒት ከመርጨት ማቀዝቀዝ ይሻላል። ፍላጻው በፕላስቲክ ከረጢት አየር እንዳያስገባ ታሽጎ በፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ላይ፣ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ረጅም ፍላጻ በትንሽ ፍሪዘር አይገባም፤ እንዲገባ ብሎ መስበር ግን አይታሰብም፤ ሰፊ ፍሪዘር ያለው ባለ ሱቅ ለምኑ። ሥጋ ከሚቀመጥበት ጋር አይሆንም፤ ይህ የመርዙ ነገር ነው። ሲወጣ ከረጢቱ ወዲያው አይከፈትም። በክፍሉ ሙቀት አንድ ቀን ይደር፤ አለዚያ ጤዛው ላባው ላይ ያርፋል።

አጸዳዱ

ላባ በደረቁ ይጸዳል፤ ውኃ የመጨረሻው ነው። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ወይም ያልተሠራበት የጺም ብሩሽ ይበቃል። ከላባው ሥር ጠንካራ ወረቀት ደግፋችሁ ከግንዱ ወደ ጠርዙ፣ በቅርንጫፎቹ አቅጣጫ፣ በቀስታ ጥረጉ። ከጫፍ ወደ ሥር የሚጠርግ ሰው ዚፑን እየከፈተ መሆኑን ይወቅ። በጭስ ቤት የኖረ ፍላጻ ጥቀርሻ ይኖረዋል። ጥቀርሻ ቅባትነት ስላለው በጣት ከታሸ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በብሩሹ ጫፍ እየነኩ ማንሣት እንጂ ማሸት የለም። ሁሉም ባይለቅ ግድ የለም። ጭሱም የዚያ ዕቃ ታሪክ ነው፤ በየትኛው ቤት ምን ያህል እንደኖረ የሚመሰክር እሱ ነው።

በደረቁ ያልለቀቀ እድፍ ቢኖርና ላባው ቀለም ያልተነከረ ቢሆን፣ ንጹሕ አልኮልና ንጹሕ ውኃ እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ፣ በእንጨት ጫፍ የተጠቀለለ ጥጥ ነክራችሁና ጨምቃችሁ፣ በማይታይ ቦታ ላይ መጀመሪያ ሞክሩ። ጥጡ ቀለም ካመጣ ተውት። ካላመጣ በጥቂት በጥቂቱ ቀጥሉ። መንከር ግን በፍጹም አይቻልም። ላባውን ከእንጨቱ ጋር ያሰረው ጅማት ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሙጫው ይለቃል።

ኦሞና የልብስ ሳሙና አይሆኑም። እነዚህ አልካሊ ናቸው፤ አልካሊ ደግሞ ኬራቲንን ይበላል። እንዶድም ለጋቢ እንጂ ለዚህ አልተባለም። ቅቤስ? «ደረቀ፣ ቅቤ ቀቡት» የሚል ሰው በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም። ቅቤ ለቆዳ ሲሆን ለምደነዋልና አይፈረድበትም። ላባ ላይ ግን ቅርንጫፎቹን አጣብቆ አቧራ ይሰበስባል፣ ይከረፋል፣ ጉንዳንና አይጥ ይጠራል። ቫርኒሽ ደግሞ ላባውን ወደ ቅርፊት ይለውጠዋል፤ ከተቀባ በኋላ የሚያስለቅቀው ነገር ላባውንም ይጎዳል። እንደ እኛ እምነት ከቅቤውም ከብሉም ይልቅ ብዙ ፍላጻ ያጠፋው ቫርኒሽ ነው፤ አብረቅራቂ ነገር ለጎብኚ ማሳየት እንወዳለንና።

በእንፋሎት ማደስ

አሁን ወደ ጎበጠውና ወደ ተጨማደደው ላባ እንምጣ። ኬራቲን በእርጥበትና በሙቀት ይለሰልሳል፤ በውስጡ ያሉት ደካማ ማያያዣዎች ለጊዜው ይላላሉ፤ ሲደርቅ በተያዘበት ቅርጽ እንደገና ይጠነክራል። እርጥብ ጸጉር ተጠቅልሎ ሲደርቅ ለምን እንደሚጠቀለል የምታውቁ እኅቶች ይህን ከእኛ ይልቅ ታስረዳላችሁ።

በራዱን አፍሉ። እንፋሎቱ በአፉ መውጣት ሲጀምር ፍላጻውን ከአፉ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ፣ ላባውን ብቻ እንፋሎቱ እንዲያገኘው አድርጋችሁ 5 ሰከንድ ያህል ያዙት። እየዞረ ለሌሎቹም እንዲሁ። ጅማቱና ሙጫው እንዳይለሰልስ አስቀድማችሁ በፕላስቲክ ሸፍኑት። የላባው ቅርንጫፎች ራሳቸው እየተነሡ ሲቀኑ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ላየው ሁሉ ደስ የሚል ነገር ነው። ከእንፋሎቱ አውጥታችሁ፣ ላባው ገና ለስላሳ ሳለ፣ በታጠበና በደረቀ ጣት ከሥር ወደ ጫፍ ሳቡት። ዚፑ ይዘጋል። በአንድ ጊዜ ካልተመለሰ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ድገሙት እንጂ በአንድ ጊዜ ብዙ አታፍሉት። እጃችሁንም ጠብቁ፤ እንፋሎት ከፈላ ውኃ ባልተናነሰ ያቃጥላል። ይህን ሥራ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ አትስጡ፤ መምህሩ ይሠራል፣ ተማሪው ያያል።

እንፋሎት የማያድነውም አለ። ግንዱ የተሰበረ ላባ አይቀጥልም። ለእሱ ከቀርከሃ የተላጠች እንደ መርፌ የቀጠነች ስንጥር ከሥሩ ተደግፋ፣ በስስ ወረቀትና ከስንዴ ስታርች በተሠራ ሙጫ ትያዛለች። የስንዴው ሙጫ የተመረጠው ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ሊያስለቅቀው ከፈለገ በእርጥበት ስለሚለቅ ነው። በጭልፊት የሚያድኑ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የተሰበረ የክንፍ ላባ በስንጥር እየቀጠሉ ወፏን መልሰው ያበርሩ ነበር፤ ሥራው አዲስ አይደለም። በብል የተበላ ቅርንጫፍ ግን ሄዷል። መንጠቆ ከሌለ ዚፕ የለም።

ታዲያ የጎደለውን በአዲስ ላባ እንተካው ወይ? እዚህ ላይ መምህራን በመካከላቸው ይከራከራሉ፤ እኛም የራሳችንን እንናገር። መልሱ ፍላጻው ምን እንደሆነ ይወሰናል። ባለቤቱ ዛሬም የሚሠራበት ከሆነ ላባ መቀየር የእሱ ሙያ ነው፤ እኛ ቆመን ማየትና መማር እንጂ ማስተካከል የለብንም። ከአንድ ቤት በቅርስነት የመጣ ከሆነ አይተካም። የቀረው ግማሽ ላባ ሠሪው የትኛውን ወፍ እንደመረጠ፣ እንዴት እንደሰነጠቀው፣ በስንት ዙር እንዳሰረው ይናገራል። የዶሮ ላባ በላዩ ከሰፋንበት ለሚቀጥለው ተማሪ ውሸት አስተማርን ማለት ነው። «ጎደሎ ነው፣ አያምርም» የሚለው ክርክር ለሥዕል እንጂ ለማስረጃ አይሠራም። ሙሉ ፍላጻ ማሳየት ካስፈለገ አዲስ ሞዴል ይሠራ።

ለሞዴሉ ላባ ፍለጋ ግን ማንም ወፍ እንዳይገድል። የዱር እንስሳት በአዋጅ የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ አይታደኑም። በዚያ ላይ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለፍላጻ ይመረጥ የነበረው የጥንብ አንሣ ላባ ነው፤ ጥንብ አንሦች ደግሞ እያለቁ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በርካታ የአፍሪካ ጥንብ አንሣ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግበዋል። የአውራ ዶሮ የክንፍ ላባ ለትምህርት በጣም ይበቃል፤ በሺንሺቾ ደግሞ ለበዓል የታረደ አውራ ዶሮ ክንፉ ሲጣል ዝም ብሎ ማየት ነውር ሊሆን ይገባል።

በክፍል ውስጥ

ሞዴሉ እንዲህ ይሠራል። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ያሉ ሁለት ሸምበቆዎች ይቆረጣሉ። የሁለቱም ጫፍ በእኩል ጭቃ ይደፈንና በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ሹል ነገር አይደረግም። ለአንዱ ብቻ ከአንድ ወገን ክንፍ የተወሰዱ ሦስት ላባዎች ግንዳቸው በምላጭ ተሰንጥቆ (ይህን መምህሩ ይሥራው)፣ በዙሪያው በእኩል ርቀት ይጣበቃሉ፣ ከላይና ከታች በቀጭን ቃጫ ይታሠራሉ። እንሰት ባለበት አገር ክር መግዛት አያስፈልግም። በውጭ ሜዳ ላይ ሁለቱ በእጅ ሲወረወሩ ላባ የሌለው በብዛት ጎኑን እያዞረ ይሄዳል፤ ላባ ያለው በጫፉ ይወድቃል። ደጋን ወደ ትምህርት ቤት ማምጣት አያስፈልግም፤ የአንድ ልጅ ዓይን ከአንድ ትምህርት ይበልጣል።

ሁለተኛው ሙከራ በመቀመጫ ላይ ይሠራል። አንድ ልጅ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በክር አንጠልጥሎ ይያዝ። ሌላው የተዘጋ ላባ በፊቱ አድርጎ እፍ ይበል፤ ወረቀቱ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ላባውን ከጫፍ ወደ ሥር አሽቶ ከፍቶ እንደገና እፍ ይበል። ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩ። ቀጥሎ በጣታቸው ይዝጉት፤ ከዚያ ድጋሚ ይሞክሩ። «ላባ ከምን ተሠራ?» ብሎ በሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይህ አምስት ደቂቃ የተሻለ ያስተምራል። ላባ ከነኩ በኋላ እጅ መታጠብ አይረሳ።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ፍላጻ በጥግ ተደግፎ አይቆምም፤ በላባውም ላይ አይተኛም። በካርቶን ሣጥን ጎንና ጎን ቦይ ተቆርጦ እንጨቱ በቦዩ ላይ ያርፋል፤ ላባው አየር ላይ ይቀራል። በላዩ የታጠበ ነጭ አቡጀዴ ይለበስ። በጋዜጣ አትጠቅልሉት፤ ቀለሙ ይለቃል፣ ወረቀቱም አሲድ አለው (የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ይህን መጻፋችን ራሳችንን ቢያስቀንም እውነት ነው)። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮትና ከምድጃ ይራቅ። በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በየሦስት ወሩ ይከፈትና በማጉያ መነጽር ይታይ። በእንጨቱ ላይ ሳይሆን በክር በታሰረ ወረቀት ላይ በእርሳስ እነዚህ ይጻፉ፦ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሰጠው፣ የላባው ወፍ፣ የመጣበት ቀን፣ ምን እንደተደረገለትና በማን፣ ጫፉም መርዝ እንዳለው ወይም እንዳልተረጋገጠ።